ኤስኤምኤስ ሮልባክ የለውም

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የምሠራው የትዕዛዝ መቀበያ ሲስተም ላይ ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። አዲስ ትዕዛዝ በገባ ቁጥር ለደንበኛው ኤስኤምኤስ እንዲሄድ ትሪገር (ሠንጠረዥ ላይ ለውጥ ሲኖር በራሱ የሚሮጥ ኮድ) ጻፍኩና በኤችቲቲፒ ኤክስቴንሽኑ (ከዳታቤዙ ውስጥ የድር አድራሻ ለመጥራት የሚያስችል ተጨማሪ) በኩል የመልእክት አቅራቢውን ኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጠሩትን መግቢያ፣ በቀጥታ እንዲጠራ አደረግኩት። አንዳንዴ በ5 ሰከንድ እየተቋረጠ ስላስቸገረኝ ታይምአውቱን (መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜ) ወደ 60 አሳደግኩት። ሁለት ወር ሙሉ ኮሽ አላለም። ባለፈው ሳምንት ግን አቅራቢው ጋ የሆነ ነገር ተበላሽቶ መልስ መስጠት ሲያቆም የኛም ሲስተም አብሮ ቀጥ አለ፣ ሰው ዋጋ እንኳ ማየት አልቻለም። አለቃዬ «ዳታቤዝ ኢንተርኔት ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ ጮኸብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው? ከሆነስ ኤክስቴንሽኑ ለምን ተሠራ?

መልስ፦ በከፊል ያንተ ነው። አይዞህ፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። ነገሩ ያበቃለት ግን ያንን 5 ሰከንድ 60 ስታደርገው ነው።

ትሪገር የሚሮጠው እዚያው ትራንዛክሽኑ (ወይ ሁሉም የሚጸድቅ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ውስጥ ነው። መልስ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ትራንዛክሽኑ አይዘጋም፣ የያዘውን ሎክ (ሌላው እንዳይነካ የቆለፈውን) አይለቅም፣ ኮኔክሽኑንም አይመልስም። ፖስትግሬስ ደግሞ ካልነካካኸው የሚፈቅደው 100 ኮኔክሽን ነው። በሰከንድ 2 ትዕዛዝ ይገባል እንበል፣ እያንዳንዱ 60 ሰከንድ ተንጠልጥሎ ከቀረ 50 ሰከንድ ሳይሞላ ሁሉም ተይዟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ፣ ዋጋ ብቻ ማየት የፈለገውም ጭምር፣ «ይቅርታ፣ ደንበኛ በዝቷል» ተብሎ ይመለሳል። ሎግህን ክፈተው፣ ይህቺን ስህተት መዓት ጊዜ ታገኛታለህ።

እኔን ግን ከመቆሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ትዕዛዙ ገባ፣ ትሪገሩ ኤስኤምኤሱን ላከ፣ ከዚያ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የዕቃ ቆጠራው አልሞላ አለና ትራንዛክሽኑ ሮልባክ ሆነ፣ ማለትም የጻፈው ሁሉ ተመልሶ ተሰረዘ። ትዕዛዙ የለም። የደንበኛው ስልክ ግን «ትዕዛዝዎ ደርሶናል» ብሎ ጮኋል። ደውሎ የትዕዛዝ ቁጥሩን ይነግርሃል፣ አንተ ትፈልጋለህ፣ ምንም የለም። ኤስኤምኤስ ሮልባክ የለውም። በተቃራኒውም አለ፦ አቅራቢው መልእክቱን ልኮታል፣ መልሱ ብቻ ዘገየ፣ ታይምአውቱ ሲደርስ ትሪገሩ ስህተት ወረወረና ትዕዛዙ ተሰረዘ። ደንበኛው እንደገና ያዛል፣ ሁለተኛ መልእክት ይደርሰዋል።

መፍትሔው አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል። ትሪገሩ ውጭ ያለ ማንንም አይጥራ። «የሚላኩ መልእክቶች» የሚል ሠንጠረዥ ሥራና አንድ ረድፍ ብቻ ያስገባበት። ትዕዛዙ ሮልባክ ከሆነ ረድፏም አብራ ትጠፋለች። ከዳታቤዙ ውጭ የሚሮጥ ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ከዚያ እያነሳ ይልካል። ሁለት ሦስት ኮፒ ልታስሮጥ ከፈለግክ ከፖስትግሬስ 9.5 ጀምሮ ያለው «ስኪፕ ሎክድ» አንዱ የያዘውን ረድፍ ሌላው እንዲዘለው ያደርግልሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ረድፉን ቆልፎ ይዞ፣ ትራንዛክሽኑን ሳይዘጋ ኤፒአዩን ይጠራል፤ ማለትም ያንኑ ችግር ወደ ሌላ ክፍል ወሰደው እንጂ አልፈታውም። «እየተላከ ነው» ብለህ ምልክት አድርግ፣ ኮሚት አድርግ (ትራንዛክሽኑን አጽድቀህ ዝጋ)፣ ከዚያ ጥራ፣ ሲመለስ «ተልኳል» በለው። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ቢሞትስ? «እየተላከ ነው» እንደተባሉ ብዙ የቆዩትን መልሶ ያነሳል፣ ስለዚህ አንዳንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊሄድ ይችላል። አቅራቢህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ልዩ መለያ የሚቀበል ከሆነ የረድፉን ቁጥር ስጠው፣ ድጋሚ የመጣውን ራሱ ይጥለዋል።

ኤክስቴንሽኑ ለምን ተሠራ ላልከው፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው መግለጫው ውስጥ ይህ ለምን መጥፎ ሐሳብ እንደሆነ የሚያስረዳ ክፍል አስገብተዋል። (ማን ያነባል!) እንዲያም ሆኖ ቦታ አለው። በቀን አንዴ ሌሊት የምንዛሪ ተመን አምጥቶ ሠንጠረዥ ላይ ለሚጽፍ ሥራ ምንም አይልም፣ ቢዘገይም የሚጠብቀው ሰው የለም። ፒጂ ኔት የሚባል ሌላ ኤክስቴንሽንም አለ፣ ጥሪውን ወረፋ ያስይዝና ከኮሚት በኋላ ከጀርባ ይልከዋል። ወረፋው ግን ሰርቨሩ ክራሽ ካደረገ ይጠፋል፣ ስለዚህ መድረስ ላለበት መልእክት አልተማመንበትም።

ፈቃዱንም እየው። ፖስትግሬስ ላይ ፈንክሽን ስትፈጥር ካልከለከልክ ማንም ተጠቃሚ ሊጠራው ይችላል፣ የኤክስቴንሽኑም ፈንክሽኖች እንዲሁ ናቸው፣ ያ ማለት ተራ የሪፖርት አካውንት ያለው ሰው ከዳታቤዝ ሰርቨሩ ተነስቶ የውስጥ ኔትወርካችሁን ማንኳኳት ይችላል። ሌላው ዳታቤዝ ኦራክል ከ11ጂ ጀምሮ የትኛው ተጠቃሚ የትኛው አድራሻ ጋ እንደሚወጣ በዝርዝር ካልፈቀድክለት አላሳልፍም የሚለው ወዶ አይደለም።

አዲሱን እስክትሠራ ዛሬውኑ ታይምአውቱን ወደ 2 ሰከንድ አውርደው፣ ጥሪውንም ስህተት በሚይዝ ብሎክ ውስጥ ክተተው። መልእክቱ ቢቀር ይቅር፣ ትዕዛዙ ይግባ።