ኪት ያላዳነው የኤምጂቢ ሚኒሞ

ጥያቄ፦ በ1967 የተሠራች ኤምጂቢ ስፖርት መኪና ከነሁለት ኤስዩ ካርቡሬተሮቿ ገዝቻለሁ። ፈጣን መንገድ ላይ ያለ እንከን ትሄዳለች፤ መብራት ላይ ስቆም ግን ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳልሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች። የጥገና ኪት ገዝቼ ጓርኒሲዮኖቹንና የቤንዚን መዝጊያ ቫልቮቹን በሙሉ ብቀይርም ምንም ለውጥ አላየሁም። ያሳየሁት መካኒክ ሁለቱንም አውልቄ ዌበር የሚባል አንድ ሌላ ዓይነት ካርቡሬተር እንድገጥምላት ይመክረኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?
አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ካርቡሬተሮቹን አይጣሏቸው። ከገለጹልኝ ምልክት ተነሥቼ የምጠረጥረው የስሮትል ዘንጎቹን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍቱትና የሚዘጉት ክብ ሰሌዳዎች የሚዞሩባቸውን ዘንጎች ነው፤ የገዙት ኪት ይህን ክፍል ጨርሶ ስለማይነካ ለውጥ አለማየትዎ አያስደንቅም።

በመኪናዎ ላይ ያሉት ኤችኤስ4 የሚባሉት፣ አፋቸው 38 ሚሊ ሜትር የሆነው ዓይነት ናቸው። እነዚህ ካርቡሬተሮች ለሚኒሞ የተለየ የቤንዚን መንገድ የላቸውም፤ ከሚኒሞ እስከ ሙሉ ፍጥነት ቤንዚኑን የሚመጥኑት አንድ ጅግለር (ቤንዚኑ የሚወጣበት ቀዳዳ) እና በካርቡሬተሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ በሚለው ፒስተን ላይ የተሰካች፣ ወደ ጫፏ እየቀጠነች የምትሄድ መርፌ ብቻ ናቸው። ስሮትሉ ተዘግቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በስሮትሉና በሞተሩ መካከል ያለው ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) እጅግ ስለሚበረታ፣ ዘንጉ በሚዞርበት ቀዳዳ ዙሪያ የተፈጠረች ጥቂት ክፍተት ያልተመጠነ አየር ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ድብልቁም ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ሲሰጡ ግን ቫኪዩሙ ይቀንሳል፣ በዋናው አፍ የሚገባው አየርም ይበዛል፤ ስለዚህ ያቺ ክፍተት ከቁጥር አትገባም። መኪናዎ ረጅም መንገድ ላይ ጤነኛ፣ መብራት ላይ በሽተኛ የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና ከመፍታትዎ በፊት የሞተሩ ቫልቮች ክፍተት በመጠኑ መሆኑን፣ የፑንቲናው (የካንዴላዎቹን እሳት የሚቆጣጠረው መገናኛ) ክፍተትም ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ፤ በካርቡሬተር የሚሳበብ ብዙ ጥፋት የሚገኘው እዚያ ነውና። ቀጥሎ የዘንጉን ጫፍ በጣትዎ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁት። እጅዎ ላይ የሚሰማ ንቅናቄ ካለ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ተረጋግጧል። ለቀረው ደግሞ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ ዘንጉ ከካርቡሬተሩ አካል የሚወጣባቸውን ሁለት ዳርቻዎች በቀጭን ብሩሽ የሞተር ዘይት ይቀቧቸው። ዘይቱ ወደ ውስጥ ተስቦ የሞተሩ ድምፅ ለጥቂት ሰኮንዶች ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ብዙዎች ለዚህ ምርመራ የካርቡሬተር ማጽጃ ፍሊት ይረጫሉ፤ በኤምጂቢ ላይ ግን የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከካርቡሬተሮቹ ሥር ስለሚያልፍ በጋለ ብረት ላይ የሚቀጣጠል ነገር መርጨት አልወድም። ካርቡሬተሩ ከማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ ከሚያደርሰው ቧንቧ) ጋር የሚገጣጠምበትንም ቦታ በዚሁ መንገድ ይፈትሹ።

ዘንጉ ከናስ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው እርሱ ነው፤ መመለሻው ሞላ ዘወትር ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚስበው ግን ከጊዜ በኋላ ቀዳዳውም ክብነቱን ያጣል። አዲስ ዘንግ አስገብተው ንቅናቄው ከጠፋ ሥራው በዚያው አለቀ። ካልጠፋ ሁለት መንገድ አለ፦ ቀዳዳዎቹን ጥቂት አስፍቶ ወፈር ያለ ዘንግ ማስገባት፣ ወይም ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ቡሽ (በቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የብረት ቀለበት) ማስገጠም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ላይ ሆነው ካልተሰፉ ዘንጉ ስለሚጣበቅ፣ ሥራውን ኤስዩ ለሚያውቅ ሰው ይስጡ።

ዘንጉን ሲያወጡ የስሮትሉን ክብ ሰሌዳ የያዙት ሁለት ትንንሽ የናስ ቪቴዎች ያስቸግሩዎታል። ጫፋቸው ተሰንጥቆ ወደ ሁለት የተከፈተው እንዳይፈቱ ታስቦ ነው። በካቻቪቴ ብቻ ከታገሏቸው ይሰበራሉ ወይም የዘንጉን ጥርስ ይበላሉ፤ ስለዚህ የተከፈተውን ጫፍ በፒንሳ ያጥብቡት፣ እምቢ ካለ በሞረድ ያውርዱት። ሲመልሱ አዲስ ቪቴ ይጠቀሙ። አስቀድመው ላላ አድርገው ያስገቧቸውና ስሮትሉን በደንብ ዘግተው ካርቡሬተሩን ወደ ብርሃን ያንሱት፤ በሰሌዳው ዙሪያ ጨረቃ የመሰለ ብርሃን በአንድ ወገን ከታየ ሰሌዳው መሐል አልያዘምና ያስተካክሉት። ከዚያ ቪቴዎቹን አጥብቀው ጫፋቸውን ይክፈቱ። ይህን የዘለለ ሰው ከወራት በኋላ ቪቴውን የሚያገኘው ሲሊንደር ውስጥ ነው።

እግረ መንገድዎን መርፌዋን አውጥተው ይመልከቷት። በአንድ ጎኗ የሚያብለጨልጭ የመፋተግ ምልክት ካለ ጅግለሩም ሞላላ ሆኗልና ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ፤ አዲስ የኤስዩ መርፌና ጅግለር ዛሬም እንግሊዝ አገር ይሠራል። የመርፌዋ ትከሻ ከፒስተኑ ታችኛ ፊት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከጅግለሩ ሥር ያለው የማስተካከያ ዳዶ ወደ ላይ ተዘግቶ ሳለ ፒስተኑን አንሥተው ሲለቁት ጥርት ያለ የብረት ድምፅ አሰምቶ መውደቅ አለበት፤ ካልሆነ ጅግለሩ መሐል አልያዘም። ፒስተኑንና በላዩ የሚቀመጠውን ክዳን በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉ፤ ተለክተው የተጣመሩ ስለሆኑም የአንዱን ካርቡሬተር ከሌላው ጋር አያቀያይሩ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል ስላለበት፣ የቤንዚን ጎማዎቹን ኢታኖል በሚችሉ ይቀይሯቸው።

ከገጠሙ በኋላ ፒስተኑ መሐል ባለው ጉድጓድ ውስጥ 20 ቁጥር ዘይት ይጨምሩ። የሁለቱን ካርቡሬተሮች ማያያዣ አላልተው፣ የጎማ ቱቦ ጫፍ ጆሮዎ ላይ ይዘው፣ የሁለቱም አፍ ፉጨት እኩል እስኪሆን የሚኒሞ ቪቴዎቹን ያስተካክሉ። ለድብልቁ ሁለቱንም ዳዶዎች እስከ ላይ ዘግተው ሁለት ሁለት ሙሉ ዙር በማውረድ ይጀምሩ። ከዚያ የአንዱን ፒስተን አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ልክ ከፍ ያድርጉት፦ የሞተሩ ዙር ጨምሮ ከቀረ ቤንዚን በዝቷል፤ ሊጠፋ ከዳዳ ቤንዚን አንሷል፤ ለቅጽበት ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ዌበሩን በተመለከተ፣ ገንዘቡን ለቡሽና ለዘንግ ቢያውሉት ይሻልዎታል፤ መኪናዋም እንደተሠራች ትቀራለች።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አባቴ ያወረሱኝ ኤምጂ ሚጅት አለችኝ። ካንዴላዎቿ ባጸዳኋቸው ቁጥር መልሰው ጥላሸት ይለብሳሉ። ካርቡሬተሮቹ አርጅተው ይሆን?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከፍታውን ያስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሁለቱንም ዳዶዎች አንድ ስድስተኛ ዙር እየቆጠሩ እኩል ወደ ላይ ያጥብቋቸው፤ በየመሐሉም ከላይ ባልሁት መንገድ ፒስተኑን እያነሡ ይፈትኑ። ሚኒሞው ተስተካክሎ በጉዞ ላይ አሁንም ጥላሸት ከያዘ ወፈር ያለች፣ ማለትም ቤንዚን የምትቆጥብ መርፌ ያስፈልግዎታል። ዳዶዎቹ እስከ መጨረሻ ተዘግተውም ቤንዚኑ አልቀንስ ካለ ግን ጅግለሩ ተበልቷል፣ ወይም ተንሳፋፊውን የያዘው ክፍል ቤንዚን ሞልቶ ያፈስሳል፤ እነዚህን ሳይመለከቱ መርፌ አይግዙ።