መልስ፦ አባታችን ካረፉ የመጀመሪያው ፋሲካ፤ እናክብር ወይስ እንተወው?

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ያለ አባታችሁ የምታሳልፉትን የመጀመሪያ ፋሲካ እናክብረው ወይስ እንተወው ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ጭራሽ አትተዉት እላለሁ፤ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ የግድ ነው። ግን እንደ ድሮው ለማስመሰል አትድከሙ።

ከባዱ ድግሱ አይደለም፤ አባት ይሠሩት የነበረው ነገር ነው። ዶሮውን ማን ያርዳል? ዳቦውን ማን ይቆርሳል? ይህን ለዋዜማው አታቆዩት። ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ካለ ከአሁኑ ንገሩት። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳችሁ ሰው ፍለጋ ስትገቡ እናታችሁ ናቸው የሚሰበሩት።

እሳቸውንም ምን እንደሚሻላቸው ጠይቂያቸው። "በቃ፣ ጥቁሩን አውልቂው" እያለ የሚጨቀጭቅ ዘመድ መቼም አይጠፋም፤ እሱን አንቺ ያዢላቸው። ማልቀስ ካማራቸውም ያልቅሱ። "በበዓል አይለቀስም" የሚለው ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም።

አርባቸው ሰሙነ ሕማማት ላይ የሚውል ከሆነ በዚያ ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። በግ ካልተገዛ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ቅርጫ መግባት ይበቃል። ጎረቤት ቡና ጠጡ ሲላችሁ ግን እምቢ እንዳትሉ።