«ሁለት ዓመት ነው ብላኝ ነበር»

«ባለቤቴ 33 ዓመቷ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ጥሩ ሥራ ነበራት። ሐኪም እሆናለሁ ብላ ሥራዋን በግማሽ ቀንሳ ፖስት ባክ የሚሉትን የሕክምና መሰናዶ ትምህርት ገባች። ሁለት ዓመት ነው ብላኝ ነበር፣ አሁን ሦስተኛ ዓመት ትላለች። እኔ ቀን መጋዘን፣ ማታ ኡበር ነኝ። ልጃችንን ከደይኬር የማመጣውም እኔ ነኝ። ቤት ስገባ የጥናት ካርዶቿ ላይ ተደፍታ አገኛታለሁ። እኔም አገር ቤት ጤና መኮንን ነበርኩ፣ ግን ቤተሰብ ይቀድማል ብዬ ትቼዋለሁ። ይሄ ራስ ወዳድነት አይደለም?» ከሜሪላንድ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የዓመቱን ነገር እንጨርሰው፣ እሱ ቀላሉ ነው። አላታለለችህም። በሌላ ሙያ ተመርቆ ሕክምና መማር የፈለገ ሰው ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላብራቶሪያቸው ይወስዳል፤ ኦርጋኒኩ ደግሞ ጄኔራሉ ሳያልቅ አይጀመርም። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ኤምካት፣ አለ። ማመልከቻው የሚገባውም ትምህርቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ሦስተኛው ዓመት የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ቁጭ ብላ ካላስረዳችህ ግን እሱ የእሷ ጥፋት ነው።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ኡበሩ፣ ስለ ደይኬሩ፣ ስለ ካርዶቹ ጽፈሃል። ስለ ጤና መኮንንነትህ አንዲት መስመር ብቻ። እኔ ደግሞ ያቺን መስመር ማለፍ አቃተኝ።

ሐኪም በሌለበት የገጠር ጤና ጣቢያ በሽተኛ የሚመረምረው፣ መድኃኒት የሚያዘው፣ ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ ከእንቅልፉ የሚቀሰቀሰው ጤና መኮንን ነው። አሜሪካ ሲመጣ ሙያው በዚያ መልኩ የለም። አገር ቤት ሐኪም ለነበረ ሰው ከባድም ቢሆን የፈተና መንገድ አለው፤ ለጤና መኮንን ግን ከሀ ሁ መጀመር ነው። አንተ ይህን ሁሉ «ትቼዋለሁ» በምትል አንድ ቃል ዘጋኸው። ያኔ «እግዜር ያጽናህ» ያለህ ሰው ነበር? አይመስለኝም። ሙያው የሞተበት ሰው ድንኳን አይተከልለትም፣ በነጋታው ሥራ ይገባል። እዚህ አገር ባሉ ብዙ ወንዶች ላይ አይቼዋለሁ፣ ሴቶችም ላይ።

እናም ማታ ደክሞህ ስትገባና እሷ ስለ ኩላሊት ስታጠና፣ የሚያቃጥልህ የሥራው ብዛት ብቻ አይመስለኝም። አንተ በቃልህ የምታውቀውን እሷ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው፣ ያውም በአንተ እንቅልፍ። ቅናት ነው ብዬ ልወቅስህ አይደለም፣ ሐዘን ነው። ግን ሐዘንህን «ራስ ወዳድ» ብለህ እሷ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ደግሞ እውነቱን እናውራ፦ ሙያህን የተውከው ለቤተሰብ ብለህ ነው ወይስ በሩ ዝግ ስለነበረ? ለእሷ ብለህ ከሆነ «ውለታ አለብሽ» ልትላት ትችላለህ። በሩ ተዘግቶ ከሆነ ግን ያላበደርካትን ዕዳ እየጠየቅካት ነው። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብለህ «ይሄን እኮ እኔ አውቀዋለሁ» ብለሃት ታውቃለህ?

ድካምህ እውነተኛ ነው፣ የገንዘቡና የሰዓቱ ነገር ካላንደር ዘርግታችሁ ልትነጋገሩበት ይገባል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማታ ኡበሩን ተወውና ስለዚያ ጤና ጣቢያ አጫውታት። ላይሠራም ይችላል። ወደ ጭቅጭቅ ከሄደ ባለትዳሮችን የሚያማክር ባለሙያ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፣ እናንተ አካባቢ በአማርኛ የሚያናግሩም አሉ። ማመልከቻዋን ሳታስገባ ብታደርጉት እመርጣለሁ፤ ከገባች በኋላ 4 ዓመት ትምህርትና ቢያንስ 3 ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን፣ ይጠብቃችኋል።