እርጥበት የማይገድለው ካታሊስት

ጥያቄ፦ በደሴ ክረምት ጭጋጉ ቤተ ሙከራ ድረስ ይገባል። ካታሊስታችን (ግብረ-መልስን የሚያፋጥነው) አሉሚኒየም ክሎራይድ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር እየጨሰ ይበላሻል። በይተርቢየም ትራይፍሌት ብንተካው ለአልዶል (ካርቦንን ከካርቦን ለሚያያይዘው ግብረ-መልስ) ምን ያህል ይበቃል? መልሰን ልናገኘውስ እንችላለን?
የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ ከደሴ

መልስ፦ ለሙካያማ አልዶል (ሲሊኮን ያለበትን ኢኖል ኢተር ከአልዲሃይድ ጋር ለሚያያይዘው የአልዶል ዓይነት) ያለ ጥርጥር ተኩት። አሉሚኒየም ክሎራይድ እርጥበት ሲነካው ይፈርሳል፤ ያያችሁት ጭስ የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው። ይተርቢየም የሚመደብባቸው የላንታናይድ ብረቶች ትራይፍሌቶች ግን ውኃ ውስጥም ሉዊስ አሲድነታቸውን (የኤሌክትሮን ጥንድ የመቀበል ችሎታቸውን) አይለቁም፤ ጃፓናዊው ኬሚስት ሹ ኮባያሺ ይህን በ1991 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

ለ1 ሚሊሞል አልዲሃይድ 62 ሚሊግራም ይተርቢየም ትራይፍሌት፣ ማለትም 10 ሞል በመቶ (ከአልዲሃይዱ ሞል አንድ አሥረኛ)፣ ይበቃል። ስሌቱ ለደረቁ ጨው ነው፤ ሃይድሬት (ክሪስታሉ ውስጥ ውኃ የያዘ ጨው) ከሆነ የውኃውን ክብደት ደምሩበት። ማሟሚያው 4 እጅ ቴትራሃይድሮፉራን፣ 1 እጅ ውኃ ይሁን።

ሲያበቃ ውኃ ጨምራችሁ ውጤቱን በኤቲል አሲቴት ሳቡት፤ ካታሊስቱ ውኃው ውስጥ ይቀራል። እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ብዙዎች ከልማድ በሶዲየም ባይካርቦኔት ያጥባሉ፤ ያኔ ይተርቢየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ትራይፍሌቱም ይጠፋል። ፎስፌት ባፈርም (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ የፎስፌት ውህድ) ያንኑ ያደርጋል። የውኃውን ክፍል በቀጥታ እንዲተን አድርጉት፤ ከዚያ የቀረውን ጨው በቫኪዩም፣ በ190 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ለጥቂት ሰዓታት አድርቁትና እንደገና ተጠቀሙበት።