መልስ፦ አለቃዬ «አዲሱ ሲስተም የወጣቶች ነው» ካሉ በኋላ በ58 ዓመቴ የስንብት ውል እስከ ነገ ፈርም ተባልኩ፤ ልፈርም?

እስከ ነገ ቢሉዎትም አይፈርሙ። በአሜሪካ ሕግ ዕድሜው 40 ከሞላ ሠራተኛ በዕድሜ መድልዎ የመክሰስ መብቱን የሚያስቀር ውል ሲቀርብለት ቢያንስ 21 ቀን ማሰቢያ፣ ቅነሳው የጅምላ ከሆነ ደግሞ 45 ቀን፣ ከፈረመም በኋላ 7 ቀን መሻሪያ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህ ጊዜ ሳይሰጥ በጥድፊያ ያስፈረሙት ውል ያንን መብት አያስቀርም።

አለቃዎ «አዲሱ ሲስተም የወጣቶች ነው» ያሉበትን ቀንና በቦታው የነበረውን ሰው በራስዎ ደብተር ይመዝግቡ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በስንብት ዕለት ሊዘጋብዎት ይችላል።

ድርጅቱ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ያመልክቱ። ጊዜው 180 ቀን፣ በብዙ ክፍለ ግዛቶች 300 ቀን ነው፤ አጭሩን ይያዙ።

እኔ ካየሁት፣ ብዙ ወገኖች የውስጥ ቅሬታቸው መልስ እስኪያገኝ ሲጠብቁ ጊዜው ያልፍባቸዋል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ስንብቱ ከተነገረዎት ዕለት ጀምሮ እንጂ ከመጨረሻው የሥራ ቀን አይደለም።