መልስ፦ ለተሰንበት ተሰርዛ የኢትዮጵያ ሴቶች ቡድን እንዴት የብር ሜዳሊያ አገኘ?

በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ከአንድ አገር እስከ ስድስት ሯጮች ይሰለፋሉ፤ ለቡድን የሚቆጠረው ግን የአራቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ባትኸርስት፣ አውስትራሊያ ላይ መጨረሻው መስመር አጠገብ የወደቀችው ለተሰንበት ግደይ ከውጤት ስትሰረዝ ከኋላ የመጣችው ኢትዮጵያዊት አራቱን ሞላች። በግል ፅጌ ገብረሰላማ 2ኛ ስለገባች ደግሞ ድምሩ ብዙም አልተጎዳም።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦

1. የመጀመሪያዎቹ አራት የአገሩ ልጆች የገቡበት ደረጃ ይደመራል።
2. ትንሹ ድምር ያሸንፋል። በ2024 ቤልግሬድ ላይ ኬንያውያት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ተደርድረው ገቡና 10 ነጥብ ያዙ። ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም። 5ኛዋም የእነሱው ነበረች፣ በዕለቱ ግን ለድምሩ አላስፈለገችም!
3. አራት ሰው ካልጨረሰ ቡድኑ ደረጃ አይሰጠውም።

«ስለወደቀች ነው የተሰረዘችው?» ላልሽው፣ አይደለም። መውደቅ አያሰርዝም፤ ራሷ ተነስታ፣ እየዳኸችም ቢሆን መስመሩን ብታልፍ ውጤቷ ይያዝላት ነበር። ያሰረዛት ሜትሮች ሲቀሯት ከውድድሩ ውጭ ያለ ሰው ደግፎ ማንሳቱ ነው። ሰውየው ላይ መፍረድ ይከብዳል፤ እንደዚያ ወድቃ እያየ ማን ዝም ይላል? ደንቡ ግን ለአንጀት ቦታ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ውድድሩን በቀጥታ ስታዪ መሪዎቹን ብቻ ቆጥረሽ «ወርቁ የእኛ ነው» አትበዪ። እኔ የመጨረሻው ዙር ላይ ዓይኔን የምጥለው አራተኛዋ ማሊያ ላይ ነው። ፊት ያሉት በአንድ በሁለት ደረጃ ነው የሚበላለጡት፤ አራተኛዋ ስትደክም ግን አስር ሰው ባንዴ ያልፋታል፣ አስር ነጥብም አብሮ ይሄዳል።