መልስ፦ ጁፒተር በቴሌስኮፑ ውስጥ ለምን ይጠፋል?

ጁፒተርን ለልጆችዎ ሊያሳዩ ሲሞክሩ ጨለማ ብቻ የታየዎት ከመጠን በላይ ስላጎሉ ነው። 10 የተጻፈበትን የዓይን ሌንስ (ዓይንዎን የሚያስጠጉበትን ትንሽ ሌንስ) አውጥተው 25 የሚለውን ያስገቡ። ቁጥሩ ሲጨምር ማጉላቱ ይቀንሳል፤ የሚታየው የሰማይ ክፍል ግን ይሰፋል። የቴሌስኮፕዎ የትኩረት ርቀት (ብርሃኑ ከዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ተነስቶ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ ያለው ርቀት) 700 ሚሊሜትር ነው ስላሉ፣ በ25ቱ 28 ጊዜ ያጎላል (700 ለ25 ሲካፈል)። አነሰ ብለው አይናቁት፤ ጋሊሊዮ በ1610 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያየው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር።

ቀጥሎ፣ ከላይ የተገጠመችውን ትንሿን መፈለጊያ (ወደ ዒላማው ለማነጣጠር የምትረዳውን ትንሽ ቴሌስኮፕ) በቀን ያስተካክሉ።

1. የሩቅ ምሰሶ ጫፍ በትልቁ ቱቦ መሀል ላይ ያድርጉ።
2. ትልቁን ሳይነኩ፣ የትንሿን ብሎኖች እያዞሩ በውስጧ የሚታየውን መስቀል እዚያው ጫፍ ላይ ያሳርፉ።

ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ሰማይ ሲያስስ ያድራል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በቀን ሲሠሩ ቱቦውን ክፍት ትተው አይሂዱ። እኔ ለአፍታ ዘወር ብዬ ስመለስ አንድ ልጅ ወደ ፀሐይ ሲያዞረው ደረስኩ፤ ዓይኑን ሊያስጠጋ ሲል ነጠቅኩት። በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት በቅጽበት ያሳውራል። ከዚያ ወዲህ ትልቁን ቱቦም ትንሿን መፈለጊያም ሳልከድን አንድ እርምጃ አልርቅም።